ወጌሻው ሲሰበር

እግሬ ስለተጣመመ በአደባባይ የተጨበጨበልኝ ሰው ነኝ። ይህን ከፊት የማስቀድመው፣ አንባቢ በኋላ «ይሄ ሰውዬ ቂም ይዞ ነው የሚጽፈው» እንዳይለኝ ነው። አዎ፣ ይዤ ነው። የከተማዋን ስም ግን አልጠራም። እዚያ የቀሩ ዘመዶች አሉኝ፤ ደግሞም ስሟ ቢጠራ ባይጠራ የእኔ እግር አይቃናም።

ከተማዋ በወንዝና በገደል መካከል የተቀመጠች፣ ነጋዴ ከነበቅሎው የሚያልፍባት፣ ሽንኩርቷ የተመሰገነ ከተማ ነበረች። ሰዎቿም ከሌላ አገር ሰው ያልባሱ፣ ያልተሻሉ ነበሩ። ነገሩ የተበላሸው የዕድገት ሹም የሚባል ሹመት ከመጣ ወዲህ ነው። ሹሙ ልሳነወርቅ የሚባል፣ ድምፁ የሚጥም፣ ጫማውን አቧራ የማይደፍረው ጎልማሳ ነበር። ክፉ ሰው ነው አልልም። «ሰው ሁሉ ከትናንቱ ዛሬ ሊሻል ይችላል» ሲል እኔም ራሴን ነቅንቄያለሁ፤ እውነት ነዋ! ያበሳጨኝ እውነቷን ይዞ የሄደበት መንገድ ነው።

መጀመሪያ «አልችልም» እና «አላውቅም» የሚሉ ቃላት ተከለከሉ። በምትካቸው «ገና ነኝ» ይባል ተባለ። ገመድ የሚገምደው ዓይነ ስውር «ገና ያላየ» ተብሎ ተመዘገበ። አንድ ሽማግሌ ሲሞቱ የሹሙ ጸሐፊ «ገና አልተነሡም» ብሎ ስለጻፈባቸው፣ እድርተኛው ሬሳ አስቀምጦ ሁለት ቀን ሲሟገት ቆየ። በሦስተኛው ቀን ነፋሱ ስለመሰከረ ተቀበሩ።

ቀጥሎ የመካሪነት ደንብ መጣ። ሰው አንድን ሙያ ሰባት ቀን ከተማረ፣ በሰባተኛው ቀን ከዘራ ይሰጠውና መካሪ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ሥራው ሌሎች እንዲያድጉ መምከር ብቻ ነው። ከዘራውን ከእጅ ማስቀመጥ ነውር ነው፤ ያስቀመጠ ሰው ከዕድገት ቦዘነ ተብሎ ይጻፍበታል። እንግዲህ አንድ እጁን ከዘራ የያዘበት ሰው ምን ሊሠራ እንደሚችል እናንተው አስቡት። በዓመቱ ስለ ዳቦ አጋገር የሚመክሩ ሃያ ስድስት ሰዎች ነበሩን፤ ዳቦው ግን ከወንዝ ማዶ ይመጣ ጀመር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ያለ አንድ ሰው ነበር፤ እሱንም «ገና ነህ» አሉት።

ሦስተኛው ደንብ እንጀራዬ ስለነበር ሳወራው አፍራለሁ። ስህተት የዕድገት እናት ናት ተባለና፣ በየዓርቡ የሳምንቱ ስህተተኞች መድረክ ላይ ወጥተው የቄጤማ አክሊል እየደፉ ይጨበጨብላቸው ጀመር። ለዚህም ሦስት አጨብጫቢዎች ተቀጠሩ። የመጀመሪያው ያስጀምራል፣ ሁለተኛው ያደምቃል፣ ሦስተኛው ሕዝቡ ሲደክመው ይቀጥላል። ሦስተኛው እኔ ነበርኩ። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው፣ ሕዝቡ ስህተቱን ያሳምረው ገባ። ልብስ ሰፊው ሦስት እጅጌ ያለው ኮት ሰፍቶ አክሊል ወሰደ። የአናጢነት መካሪው የመድረኩን ደረጃ ምስማሩን ከታች ወደ ላይ መትቶ አክሊል ወሰደ። ኮቱን የፈታ፣ ደረጃውን ያቃና ግን የለም፤ የተጨበጨበለትን ነገር ማረም ጭብጨባውን እንደ መናቅ ይቆጠር ነበር።

ጋሽ ይመኑ የዚያች ከተማ ብቸኛ ወጌሻ ነበሩ። ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ አጭር፣ ቁጡ፣ ክንዳቸው የገበሬ፣ ጣታቸው ግን የሸማኔ የሆነ ሰው። ያበጠ ሥጋ ላይ ጣታቸውን ሲያሳርፉ ስብራቱ የት እንደጀመረ፣ የት እንዳለቀ በዳበሳ ይነግሩሃል። ያ ገደል በክረምት ጭቃ በሳምንት አንድ ተሸካሚ ሳይጥል አያልፍም፤ ስለዚህ ደጃቸው ሰው ጠፍቶበት አያውቅም። «የኔ እጅ የከዳኝ ዕለት ይህች ከተማ የአንካሳ ከተማ ትሆናለች» ይሉ ነበር። «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ተክቼ ብሞት!» ይህን ሲሉ አይስቁም። ከዕድሜያቸው የቀረውን ሁሉ የሚፈልጉት ለዚች አንድ ነገር ነበር።

ማስተማሪያቸው ስልቻ ነው። የተሰበረ ገንቦ ስባሪ ስልቻ ውስጥ ይጨምሩና፣ ተማሪው ሳያይ እጁን አስገብቶ ስባሪን ከስባሪ እንዲያገጥም ያደርጉታል። ስድስት ወር ይኸው ነው፤ ሰው መንካት ከዚያ በኋላ ነው። ሹሙ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ አርባ ሦስት ተማሪ ላከላቸው፤ እያንዳንዱም ሰባት ሰባት ቀን። ተማሪዎቹ የስልቻውን አፍ ከፍተው ያዩና «ገብቶናል» ይላሉ፤ በሰባተኛው ቀን ከዘራቸውን ተቀብለው ስለ ስብራት ሊመክሩ ይሄዳሉ።

ከነዚያ አንዱ ፈንታሁን ይባላል። ከመሰላል ወድቄ ቅልጥሜ ሲሰበር ጋሽ ይመኑ ሩቅ አገር ለቅሶ ሄደው፣ የአምስት ቀን ተማሪው ፈንታሁን አገኘኝ። ፊቱ ብሩህ ነበር። እግሬን ጠቅልሎ ሲጨርስ ጣቶቼ ወደ ጎረቤት ቤት ዞረው ነበር። ዓርብ ዕለት አክሊሉን ደፋ፤ እኔንም «የስህተቱ ባለውለታ» ብለው አጠገቡ አቆሙኝ። ሥራዬ ነውና ለገዛ እግሬ አጨበጨብኩ። ጋሽ ይመኑ በሃያ ቀናቸው ሲመለሱ አጥንቱ ጠጥሮ ነበር። እግሬን አዩና ስልቻውን አንስተው ግድግዳው ላይ ወረወሩት።

ከአርባ ሦስቱ መካከል በሰባተኛው ቀን ከዘራ አልቀበልም ያለች አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። የሻረግ ትባላለች፤ ባሏ ገደል የበላው፣ በሠላሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለች ውኃ ቀጂ። «እጄ ምንም አያውቅም፤ ከዘራውን ምን ላድርገው?» አለችና ስምንት ወር ከስልቻው ሥር ቁጭ አለች። ጋሽ ይመኑ ይህን ሲያዩ ደስታቸውን የሚያስቀምጡበት ጠፋቸው፤ ደስታቸውን የገለጹትም እንደ ልማዳቸው በስድብ ነው። ትንሽ ስትዘገይ እጇን መታ አድርገው «አምጪ ወዲህ!» ይሉና ራሳቸው ይጨርሱታል። እሷ ደግሞ አንገቷን ደፍታ ታያለች።

በዘጠነኛው ወር የአንድ ሸማኔ የተሰበረ ጣት እንድትጠግን ሰጧት። አጣመመችው። ወሬው ከሹሙ ጆሮ ደርሶ «ዓርብ መድረክ ትውጣ» ተባለ።

«ጣቱ እኮ ተጣሞ ነው ያለው!» አለች ለተላከው ሰው። «ምኑ ነው የሚጨበጨበው? ልቀቁኝ፣ ላቃናው።»

በዚህ ምክንያት መዝገብ ላይ «ዝግ» ተብላ ተጻፈች፤ ዝግ ማለት ማደግ የማይፈልግ፣ ማንም ሊመክረው የማይገባ ሰው ማለት ነው። ይህ አያስገርመኝም። የሚገርመኝ የዚያኑ ዕለት ጋሽ ይመኑ ያደረጉት ነው። የሻረግ የሸማኔውን ጣት ፈትታ እንደገና ልትይዘው ስትል፣ ከእጇ ነጥቀው በአንድ አፍታ አቃኑትና «ያንቺ እጅ የእንጨት እጅ ነው! ዘጠኝ ወር ያባከንሽብኝ! ውጪልኝ!» አሏት። ወጣች። ወንዙን ተሻግራ ነጋዴዎች ከሚሰፍሩበት ሜዳ ገባችና የበቅሎና የአህያ እግር ትጠግን ጀመር። ጋሽ ይመኑ በማግሥቱ ትመለሳለች ብለው ደጅ ደጁን አዩ። በሳምንቱም አዩ። ሰው ልኮ ማስጠራት ግን ሞት ሆነባቸው።

እንዲህ እያለ ዓመት አለፈና፣ ሹሙ ጋሽ ይመኑን «የመካሪዎች አባት» ብሎ ሊሸልማቸው ተነሣ። አርባ ሁለት መካሪ ያፈራ ሌላ ባለሙያ በከተማዋ አልነበረም።

«አንድም አላፈራሁም» አሉ ጋሽ ይመኑ።

«ገና አላፈራሁም ይበሉ» አላቸው ልሳነወርቅ እየሳቀ።

አልሄድም ብለው ሦስት ቀን ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ ባለቤታቸው እትዬ ዘነቡ «ሂድና ቄጤማህን ደፍተህ ተገላገል፤ ሰውዬው ደጃችንን ሊያፈርሰው ነው» አሏቸው። ዓርብ ዕለት ነጭ ኩታቸውን ለብሰው፣ ፊታቸውን አጨፍግገው መጡ። አርባ ሁለቱ መካሪዎች ከነከዘራቸው ተሰልፈዋል። ጋሽ ይመኑ አንደኛውን ደረጃ ወጡ፣ ሁለተኛውን ወጡ። ሦስተኛው ያ አክሊል የወሰደው ደረጃ ነበር።

ሲወድቁ ቀኝ እጃቸውን አስቀደሙ። ድምፁን ሰማሁት፤ ደረቅ ጭራሮ ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። የመጀመሪያው አጨብጫቢ ውኃ ሊጠጣ ሄዶ ነበር። ሁለተኛው ዞር ብሎ ያወራል። ስህተት ሳይ እጄ ራሱ የሚነሣበት ደረጃ ላይ ደርሼ ኖሮ፣ ጭብጨባውን የጀመርኩት እኔ ነኝ። ሕዝቡም ተከተለኝ፤ አደባባዩ በጭብጨባ ተናወጠ። ጋሽ ይመኑ መሬት ላይ ሆነው፣ የተሰበረ ክንዳቸውን በሌላው እጃቸው ታቅፈው ወደ እኔ ተመለከቱ። ይህን ከጻፍኩ በኋላ ሌላ ኃጢአት ቢኖረኝ መናዘዝ አይከብደኝም።

ከቤታቸው ስናደርሳቸው አርባ ሁለቱም ተከትለው ገቡ። ስብራቱ ከአንጓው በላይ ነው፤ ሁለቱም አጥንቶች ተላልፈዋል። እንዲህ ያለውን አንድ ሰው በአንድ እጁ ክርኑን ይዞ፣ በሌላው እጁ መዳፉን ስቦ ወደ ቦታው መመለስ አለበት። ከሦስት ቀን ካለፈ እብጠቱ ይይዘውና እንዳለ ይጠጥራል። ጋሽ ይመኑ ይህን ሁሉ ጥርሳቸውን ነክሰው ነገሯቸው።

«በርቱ እንጂ!» አሉ። «አንዳችሁ ክርኔን ያዝና ሳብ!»

«በመጀመሪያ» አለ አንደኛው መካሪ ከዘራውን ደገፍ ብሎ፣ «ይህ ስብራት ለእርስዎ ምን አስተማረዎት?»

«ሳብ ነው የምልህ!»

«መሳብስ ለእርስዎ ምን ማለት ነው?» አለ ሌላው።

ፈንታሁን ብቻ ቀረብ አለ። ደግ ልብ እንዳለው አልክድም። ግን ከዘራውን ማስቀመጥ ስለማይችል በአንድ እጁ ነው የጎተታቸው፤ ክርኑን የያዘላቸው ስለሌለ መላ ሰውነታቸው ከመደቡ ተንሸራትቶ ወደቀ። ጩኸታቸው ገበያ ድረስ ተሰማ። ይህን ጊዜ ልሳነወርቅ ገባና እጃቸውን በርኅራኄ አይቶ፣ «አይዞዎት ጋሽ ይመኑ፣ አልተሰበረም፤ ገና አልገጠመም» አላቸው።

 «ገና አልገጠመም» የሚለውን ሲሰሙ እትዬ ዘነቡ ወደ ጓዳ ገብተው ዘነዘና ይዘው ወጡ። ልሳነወርቅ ቀድሞ ወጣ፤ መካሪዎቹ በአንዲት ጠባብ በር ከነከዘራቸው ሲተራመሱ ሦስቱ ተረከዛቸው ተጎዳ። እነሱም በሚቀጥለው ዓርብ ተጨብጭቦላቸዋል።

ጋሽ ይመኑ ሁለት ቀን ከራሳቸው ጋር ታገሉ። ኩታቸውን መዳፋቸው ላይ አስረው፣ ጫፉን ከቤቱ ምሰሶ ጋር ቋጥረው፣ በገዛ ክብደታቸው ሊስቡት ሞከሩ። ራሳቸውን ስተው ወደቁ። ሲነቁ እንደገና ሞከሩ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጠይቃቸው ስሄድ ክንዳቸው አብጦ ጭን አክሎ ነበር።

«ዳምጠው» አሉኝ እትዬ ዘነቡ፣ «ያቺን የሻረግን ሂድና ጥራልኝ።»

«አትጥራት!» አሉ ጋሽ ይመኑ። «እኔ ያባረርኳትን ሰው...»

«እንግዲያው ክንድህን አቅፈህ ተቀመጥ! ምከረው ምከረው፣ እምቢ ሲል መከራ ይምከረው ይባል የለ? ይኸው እየመከረህ ነው!»

ጋሽ ይመኑ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ዳግም አትጥራት አላሉም፤ ይህ ከሳቸው ብዙ ነው። ተነሣሁና በዚህ በተጣመመ እግሬ ወንዙን ተሻገርኩ።

የሻረግን ያገኘኋት ከአንዲት በቅሎ ሆድ ሥር ተንበርክካ፣ የበቅሎዋን እግር ጭኗ ላይ አስተኝታ ስታሽ ነው። ቀና ብላ መጀመሪያ ያየችው እግሬን ነበር።

«ፈንታሁን ነው አይደል?»

«ፈንታሁን ነው።»

«ጭብጨባው እዚህ ድረስ ይሰማል» አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

የመጣሁበትን ነገርኳት። እጇ ቆመ። 

«ከሸማኔው ወዲህ ሰው ነክቼ አላውቅም» አለች። «በቅሎ አይሳደብ፣ አይነጥቅሽ። የሰው ክንድ... እውነቱን ልንገርህ ዳምጠው፣ መቻሌን አላውቅም።»

አላውቅም! ያን ቃል ከሰው አፍ ከሰማሁ ዓመታት አልፈው ነበር። ዕንባዬ መጣ።

«እስኪ ድገሚው» አልኳት።

«ምኑን?»

«ያልሽውን።»

«አላውቅም። ምን ሆነሃል አንተ?»

«ምንም አልሆንኩ። ተነሺ እንሂድ።»

ስትገባ ጋሽ ይመኑ ሰላም አላሏትም፤ እሷም ሰላም አላለችም። እጇን ታጠበች፣ መደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ክንዳቸውን ጭኗ ላይ አድርጋ በጣቶቿ ጫፍ ከክርን እስከ አንጓ ወረደች። ቀስ ብላ ነው። በጣም ቀስ ብላ ነው። የጋሽ ይመኑ ጢም መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሊመጣ ያለውን አውቄ ነበር።

«ወደ ውስጥ!» አሉ። «ወደ ውስጥ አልኩሽ! እሱ እኮ አይደለም፣ ከሱ በላይ ያለው! የበቅሎ ቅልጥም መሰለሽ? አውራ ጣትሽን፣ አውራ ጣትሽን... አምጪ ወዲህ!»

ግራ እጃቸውን ሰድደው የገዛ ክንዳቸውን ሊነጥቋት ያዙ። የሻረግ ሁለቱንም እጇን አንስታ ከፍ አደረገች።

«ጋሼ» አለች። ከመደቡ ግን አልተነሣችም። «ወይ ክንድዎን ይስጡኝ፣ ወይ አፍዎን። ሁለቱን ባንድ ጊዜ አልችልም።»

እንዲህ ያለ ቃል ለጋሽ ይመኑ የተናገረ ሰው በሕይወቴ አላየሁም። እትዬ ዘነቡ ወደ ጣሪያው ተመለከቱ። ጋሽ ይመኑ ቀሉ፣ ጠቆሩ፣ ላብ አጠመቃቸው። በኋላ እንደነገሩኝ፣ በዚያች ቅጽበት ትዝ ያላቸው የተሰበረው ክንዳቸው አልነበረም። «አርባ ሁለቱን ያበላሸብኝ ሹሙ ብቻ እንዳይመስልህ ዳምጠው» አሉኝ። «በሰባተኛው ቀን ከዘራ ሲሰጧቸው ደስ ይለኝ ነበር። ቤቱ ጸጥ ይልልኛላ! ሰው ሲሳሳት ቁጭ ብሎ ማየት አልችልም፤ ልሳነወርቅን እየተሳደብኩ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጅ ስነጥቅ ኖርኩ።»

የኩታቸውን ጫፍ ጠቅልለው በገዛ እጃቸው አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ክንዳቸውን መልሰው ጭኗ ላይ አስቀመጡ።

ሳበች። ጋሽ ይመኑ በኩታው ውስጥ አጓሩ። አጥንቱ ሲንቀሳቀስ ከቆምኩበት ታየኝ። የሻረግ ጣቶቿን አሳርፋ ዳበሰች፤ ፊቷ ተለወጠ።

«ተሳስቻለሁ» አለች። «አልገባም። እንደገና ነው።»

 እጆቼ ከልማዳቸው የተነሣ ወደ ላይ ሊነሡ ሲሉ ያዝኳቸውና ተቀመጥኩባቸው። ጋሽ ይመኑ ዓይናቸው ዕንባ አቅርሮ፣ ኩታውን እንደነከሱ አዩዋት፤ ከዚያ አንድ ጊዜ ራሳቸውን ነቀነቁ። እሷም ትንፋሿን ሰብስባ፣ ክርናቸውን በጉልበቷ አጥብቃ ይዛ፣ እንደገና ሳበች። በዚህኛው ጊዜ አጥንቱ ሲገጥም ሁላችንም ሰማነው። በሽምብቆ ስንጥር አሰረችው።

በአርባኛው ቀን ስንጥሩ ተፈታ። ክንዱ ቀጥ ብሏል፤ ማንም አይቶ ተሰብሮ ነበር አይልም። ጋሽ ይመኑ ግን ጣታቸውን ሊያጥፉ ሞክረው አውራ ጣታቸውና ሁለቱ ጣቶች እንቢ አሉ። ሽምብቆ ሰጠናቸው፤ ወደቀባቸው። የውኃ ጣሳ ሰጠናቸው፤ ወደቀባቸው። መደቡ ላይ ተቀመጡና እጃቸውን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል አዩት።

«የመጀመሪያው ስህተቴ ጅማቱን ጎድቶት ይሆናል» አለች የሻረግ።

«ይሆናል» አሉ።

አላባበሏትም፤ እሷም ይቅርታ አልጠየቀችም። ሠላሳ ዓመት አጥንት ሲያቃና የኖረ እጅ ከዚያ ወዲያ ጨው እንኳ አይቆነጥርም ነበር። እኔ ብሆን አለቅስ ነበር። ጋሽ ይመኑ ግን «ነገ በጠዋት ነይ» አሏትና ፊታቸውን ሸፈኑ።

ሳምንት ሳይሞላ ልሳነወርቅ አዲስ ከዘራ ይዞ መጣ። የሻረግ ከዝግነት ወጥታለች፣ መካሪ ልትሆን ተፈቅዶላታል አለ። የሻረግ የአንዲት ሴትዮ ወለምታ እያሸች ነበርና ቀና አላለችም። «እጄ ሥራ ይዟል» አለችው። ከዘራውን በሩ ላይ አስደግፎ ሄደ፤ እትዬ ዘነቡ ዶሮ ያባርሩበት ጀመር። በዚያው ሰሞን እኔም ከአጨብጫቢነት ወጣሁ። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ «እጄ ደከመው» አልኩ፤ «ገና አልበረታም» ብለው ጻፉ።

ክረምቱ ሲገባ አንድ ተሸካሚ ከገደሉ ተንሸራትቶ ትከሻው ወለቀ። አራት ሰዎች በቃሬዛ አምጥተውት፣ ደጅ ላይ ከእኔ ጋር የተቀመጡትን ጋሽ ይመኑን ሲያዩ «ተመስገን፣ ወጌሻው አሉ!» አሉ። ጋሽ ይመኑ ተነሡ። እጃቸው ራሱ ወደ ሰውዬው ትከሻ ሄዶ ነበር፤ መንገድ ላይ አስቆሙት።

«ወጌሻዋ ውስጥ ናት» አሉ።

አስገቡት። ጋሽ ይመኑ ተከትለው በሩ ድረስ ሄዱ፤ ግን አልገቡም። ቢገቡ አፋቸውን እንደማይዙ ያውቁታል። ከእኔ አጠገብ ድንጋዩ ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ከውስጥ ተሸካሚው ጮኸ። የሻረግ «ቆይ፣ ተሳስቻለሁ» ስትል ተሰማ። ጋሽ ይመኑ ብድግ አሉ፣ መቃኑን ያዙ፣ አፋቸው ተከፈተ። ከዚያ ዘጉትና ተመለሱ። ዝም አይነቅዝም ብሎ መተረት ይቀላል፤ እኔ ግን ሰው ዝም ሲል እንዲያ ሲደክም አይቼ አላውቅም።

«ክንዱን ዝቅ አድርጋ ይዛዋለች» አሉኝ በሹክሹክታ። «ከጩኸቱ ይታወቃል። ከፍ ማድረግ ነው።»

«ገብቼ ልንገራት?»

«ዝም በል። ታገኘዋለች።»

ላባቸው በግንባራቸው ወረደ። ተሸካሚው እንደገና ጮኸ፤ እንደገና ጸጥ አለ። ዝናቡ ጀመረን፤ ከመቀመጫችን አልተነሣንም። መቼም ያን ያህል ጊዜ የቆየ ትከሻ የለም። በመጨረሻ «ቋ» የሚል ድምፅ ከውስጥ ተሰማ፤ ተከትሎም ተሸካሚው በእፎይታ የወጌሻዋን እናት አባት መረቀ።

«ዘገየች» አሉ ጋሽ ይመኑ። ፊታቸውን ከእኔ አዙረው፣ በማይጨብጠው እጃቸው ዓይናቸውን ጠረጉ።